በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ

ባለፈው ቅዳሜ የአያቴን የአባባ ገመቹን የቆርቆሮ በር ነቅለን አዲስ የብረት በር አስገባን። አዲሱ ደወል አለው፤ ሲጫኑት እንደ ወፍ ይንጫጫል። አሮጌውን እኔና በያጁ ተሸክመን ጓሮ ወሰድነው። ከዚያ እጄን ታጠብኩ። በሳሙና ደገምኩ። በኦሞ ሰለስኩ። ምሳ ላይ ጉርሻውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ግን የዝገቱ ሽታ እዚያው ነበር፤ እጄ አየር ላይ ቀረ።

እማዬ አየችኝ። "ምነው ረዲ?"

"ምንም።"

እንዴት ምንም ይሆናል! ያ ሽታ የስምንት ዓመት ልጅ አድርጎኝ ነበር እኮ። ሙሉው በጋ፣ ከነነፋሱ፣ ከነአቧራው፣ ከነፍርሃቱ ተመልሶ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከምሳው ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ። ወጡ ቀዝቅዟል አሉ። ይቀዝቅዝ!

አዳማ የመጣሁት ከጅዳ ነው። ያየኝ ሁሉ "እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ፣ ተመለስሽ" ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ግራ ይገባኝ ነበር። ሄዶበት ወደማያውቀው አገር ሰው እንዴት ነው የሚመለሰው? የተወለድኩት ጅዳ ነው። ያደግኩትም ጅዳ፣ አንድ ሕንፃ አናት ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ለእኔ ውጭ አገር ማለት አዳማ ነበረች።

እናትና አባቴ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራቸው፣ ያቺ ክፍል የራሷ ሕግ ነበራት። መስኮቷ በካርቶን ተሸፍኗል። የሚወራው በሹክሹክታ፣ የሚሳቀው ትራስ ውስጥ ነው። እማዬ ሽንኩርት ስታቁላላ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ትወትፋለች፤ የበርበሬ ሽታ ደረጃውን ወርዶ "እዚህ ሐበሻ አለ" ብሎ እንዳያሳብቅ። ጫማ ውጭ አይወልቅም፤ ጫማ አይቶ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ አይጠፋምና። በር ከተንኳኳ ሦስታችንም ድንጋይ እንሆናለን። ያንኳኳው እስኪሄድ አንተነፍስም ብል ብዙም አልዋሸሁ።

አባዬ ራሱ ሲመጣ አያንኳኳም። የበሩን ታችኛውን ጥግ በጥፍሩ እንደ ድመት ይቧጥጣል። ክርር፣ ክርር። እማዬ ትከፍታለች። ይገባና በሩን በጀርባው ገፍቶ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል፦ "በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ።" ሌላ አባት "ልጄ እንዴት ዋልሽ" እንደሚለው ማለት ነው። እኔም እንደ ሰላምታ ነበር የምሰማው።

አንድ ቀን ግን ሳይቧጥጥ ቀረ። ሥራ ቦታው ላይ ይዘውት ነበር። እማዬ ጠበቀች፣ ጠየቀች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ እጇን ሰጠችና ሁለታችንን በአውሮፕላን ወደ አገር ላኩን። አባዬ የት እንደታሰረ የነገረን የለም። ስልኩን ወስደውበታል። እሱ የሚያውቀው የእማዬ ቁጥር የጅዳው ነው፤ የጅዳው ቁጥር ደግሞ እዚህ አይሠራም። የአባዬ ወላጆች በሕይወት የሉም። ቢለቁት የት ይሄዳል? የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ አዳማ፣ የአማቱ ቤት፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። እማዬን ለማግባት ሽማግሌ ይዞ የመጣው በዚያ በር ነበር።

ስለዚህ አባባ ገመቹ፣ የእማዬ አባት፣ በሩን የሚነካ ሰው አይወዱም ነበር። ቀለሙ ተልጦ፣ ታችኛው ጥግ ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር። ጎረቤት "አባባ፣ ለበዓሉ ሰማያዊ እንቀባልዎት" ሲላቸው፣

"ተወው" ይላሉ። "ካሳሁን የሚያውቀው አረንጓዴውን ነው።"

ካሳሁን አባዬ ነው።

አሁን ስለ በሩ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከግንቡ ላይ፣ በበሩ በስተቀኝ፣ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ይቀመጥ ነበር። አባባ ጆሯቸው ስለደከመ ለእንግዳ ብለው ራሳቸው ያስቀመጡት ነው። የመጣ ሁሉ ያንን ድንጋይ ያነሳና ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፦ ጓ! ጓ! ጓ! ከዚያም በሙሉ ድምፁ "ቤቶች!" ይላል። የመጀመሪያው ቀን ጓ! ሲል እኔ ከአልጋ ሥር ነበርኩ። ሁለተኛውም ቀን፣ ሦስተኛውም ቀን። እማዬ እግሬን ይዛ ስትጎትተኝ "ፖሊስ ነው?" እላታለሁ፤ በሹክሹክታ። ዞር ብለን ስናይ የዕድር ለፋፊ ነው። ወይም ኳሱ የገባበት ልጅ ነው።

ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ ነበር። እዚህ ጫማ የሚወልቀው ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ወጥ የሚሠራው ውጭ ነው፤ መንገደኛው ሳይቀር "ዛሬ ምስር ነው!" እያለ ያልፋል። ቀን በር መዝጋት ነውር ነው። አንድ ቀን የክፍላችንን በር ገርበብ አድርጌ ብቀመጥ፣ ግቢው ውስጥ የምትከራየው እትዬ ዘሀራ ሮጣ መጣች።

"ማን ታመመ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ከማን ተጣላችሁ?"

"ከማንም።"

"ታዲያ በሩ ምን አጠፋ?" ብላ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ አየችኝና ሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ ባንክ ነው እንዴ የምትጠብቂው?" ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዘበኛ ሆነ።

ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ግቢው በሙሉ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" እያለ በባልዲና በጀሪካን ይራወጣል። እኔ ግን ያንን ጩኸትና ሩጫ ሰምቼ የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው፤ ሰው ሊያዝ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። በርሜሎቹ ሁሉ ሞልተው ካለቁ በኋላ ነው የተገኘሁት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው ቆርቆሮው ቋ! ቋ! ይላል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ግን ጣሪያው ላይ በቦት ጫማ የሚሄድ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሌሎቹ የማይፈሩት ስለለመዱት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እማዬ ከስደት ተመላሽ የጫነ አውሮፕላን እንደሚገባ ወሬ በሰማች ቁጥር አዲስ አበባ ትሄድና ከአየር ማረፊያው በር ላይ ትቆማለች። ማታ ብቻዋን ስትመለስ አባባ አይጠይቋትም። ፊቷን አይተው "ኮቱ፣ ብዪ" ይሏታል፤ ነይ፣ ብዪ ማለታቸው ነው። ትበላለች። እኔ የእሷን ፊት አያለሁ፤ አባባ በሩን ያያሉ።

ያቺ ቀን የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እማዬ አዲስ አበባ ነበረች። እትዬ ዘሀራ ገበያ ወጥታለች። አባባ ለቅሶ ሊደርሱ ጋቢያቸውን ለበሱና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ረዲ፣ አሁን ቤቱ የአንቺ ነው። በሩን ክፍት አድርጌ እሄዳለሁ። ሰው ከመጣ ግቡ በይ፤ ውሃ ስጪ። እሺ?"

"እሺ አባባ።"

የአዳማን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አባባ ገና ጥጉን ሳይታጠፉ መጣና በሩን ገጭ አድርጎ መታው፤ መወርወሪያው በራሱ ወደቀ። ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ጫማዬን ከደጃፍ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋሁ። ምስሉን ብቻ እያየሁ፣ እንደ ድሮዬ፣ ብስኩት በላሁ።

ጓ! ጓ! ጓ!

አልጋው ሥር ገባሁ።

"ቤቶች!" የወንድ ድምፅ ነው፤ የማላውቀው ድምፅ። "ቤቶች! ሰው የለም?"

ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ አጣበቅኩት። ቀዝቃዛ ነው። ይሄዳል፣ አሁን ይሄዳል አልኩ ለራሴ። እሱ ግን የማልጠብቀውን ተናገረ።

"የካሳሁን በየነ ቤተሰቦች የሚኖሩት እዚህ ነው?"

የአባዬን ስም ከነአባቱ ጠርቶ የሚመጣ ሰው! ጅዳ እያለን እማዬ አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ ዝም ብሎ የሚያንኳኳ ሰው የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል፤ ስም ከነአባት የሚጠራ ግን ሊይዝ የመጣ ነው። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰውዬው ደበደበ። አረፈ። ደግሞ ደበደበ። ከመንገዱ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ ረዘም አድርጎ። ድንጋዩ ግንቡ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

አሸነፍኩ አልኩ። የምሬን ነው! አባዬ ቢኖር እንዴት እንደሚኮራብኝ እያሰብኩ አልጋው ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማምሻውን አባባና እማዬ ደጅ ሆነው ሲጠሩኝ ነቅቼ ከፈትኩ፤ እማዬ እንደገባች፣ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ኑሪ ተከትሏት መጣ።

"እህቴ፣ ዛሬ አንድ ሰውዬ በራችሁን ደብድቦ ደብድቦ ሄደ። ክስት ያለ፣ ጥቁርቁር ያለ፣ ፌስታል ብቻ የያዘ። ከእኔ ውሃ ገዛ። ከሳዑዲ ነው የመጣሁት አለ።"

እማዬ የያዘችው ቦርሳ ከእጇ ወደቀ። "ወዴት ሄደ?"

"የቡልቡላ ሰው ነኝ፣ መኪናው ትቶኝ ሊሄድ ነው ብሎ ሮጠ። ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ረዲ፣ ድምፁን ሰምተሻል? የአባትሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አባዬ አይጮኽም" አልኳት።

"ምን አለ ታዲያ?" አለች።

"የአባዬን ስም ጠራ። ከነአባቱ።"

አልመታችኝም። አልተቆጣችኝምም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ ብቻ "ነገ ቡልቡላ እንሄዳለን" አሉና ከዘራቸውን ከግድግዳው ጋር አስደግፈው አቆሙት፤ ጠዋት እንዳይፈልጉት።

በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ። ቆቃ ላይ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው እስከ መስኮቱ ድረስ ሲያመጡት፣ መቂ ላይ ሴቶች ቲማቲም በሳህን ከምረው ሲሮጡ፣ በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም ነበር። ያን ቀን ግን የማየው የእማዬን ጣቶች ነው። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች፣ ትቋጥራለች። ለምን እንደምንሄድ በደንብ አልገባኝም ነበር። እኔ የመሰለኝ፣ ይህ ሰውዬ አባዬን ሊይዝ የመጣ ሰው ነው፣ እማዬ ደግሞ ልትለምነው ነው የምትሄደው።

ቡልቡላ ስንወርድ አባባ አንድ ባለጋሪ በኦሮምኛ ጠየቁት። ትናንት ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ታውቃለህ ወይ? ባለጋሪው አድራሻ አልነገረንም፤ ጋሪው ላይ አወጣን። ቤቱ ከሩቅ ይታወቃል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል፣ ሰው ይገባል ሰው ይወጣል። የሳዑዲው ሰውዬ ከሰዎቹ መሐል ተቀምጧል፤ ፈይሳ ይባላል። ጀርባው ወደ ግድግዳው፣ ፊቱ ወደ በሩ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ትከሻው ብድግ ይል ነበር። ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። የእኔም እንደዚያ ነው የሚለው።

"እኔ የካሳሁን በየነ ሚስት ነኝ" አለች እማዬ ገና ሳትቀመጥ።

ሰውዬው ተነስቶ ቆመ። "ትናንት ቤታችሁ መጥቼ ነበር እኮ! ደበደብኩ፣ ሰው አጣሁ።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ! አለ እንጂ፣ እናቴ! አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ጎን ለጎን ነው የምንተኛው። እግሩን ትንሽ አሞታል፣ ከስቷል፤ ግን አለ። ወረፋ ነው የሚጠብቀው። በቀጣዩ አውሮፕላን ይሁን ከዚያ በሚቀጥለው፣ እሱን አላውቅም። ይመጣል ግን።"

እማዬ እንደ ልጅ አለቀሰች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶችም ሳያውቋት አብረዋት አለቀሱ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው "ገለቶሚ፣ ዋቃ" አሉ፤ እግዚአብሔርን ማመስገናቸው ነው። ከዚያ ፈይሳ ወደ እኔ አየ።

"ረዲ የምትባለው አንቺ ነሽ?"

ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ለአንቺ ለብቻሽ መልእክት አለ። ስንለያይ እጄን ይዞ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ልጄን አደራ፣ ማንም ቢያንኳኳ በሩን እንዳትከፍት ንገርልኝ' አለኝ።"

አባባ ገመቹ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ፈይሳ ተመለከታቸው፣ እኔን ተመለከተኝ፣ ገባው።

"ቆይ፣ ትናንት ቤት ውስጥ ነበርሽ እንዴ?"

"አልጋ ሥር" አልኩ።

"ወይኔ ፈይሳ! መልእክቱን ሳልነግራት ፈጽማዋለች!"

የሳቁ ብዛት! እማዬ ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ በሙሉ ድምፅ፣ ያለ ትራስ። እሷ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። እኔ ግን አልሳቅኩም። መልእክቱን ይዤ ወደ አዳማ ተመለስኩ። አባባ ክፈቺ ይሉኛል። አባዬ አትክፈቺ ይለኛል። ሁለቱም አባቶቼ ናቸው። የማንን ልስማ?

አባባ ይህን ሳልነግራቸው ያወቁ ይመስለኛል። በማግስቱ በርጩማቸውን ከበሩ አጠገብ አደረጉና ሌላ ትንሽ በርጩማ ለእኔ ጨመሩ። ነፋሱ ስለበረታ በሩ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ በተንኳኳ ቁጥር ግን እጄን ይዘው ይነሳሉ።

"ማን ነው ልበል?" ስላቸው፣

"መጀመሪያ ይከፈታል" ይላሉ። "ማን ነህ የሚባለው ከገባ በኋላ ነው። ውጭ አቁሞ ማን ነህ ማለት ምን ይባላል?"

እጄ መወርወሪያው ላይ ነው። ጓ! ጓ! እከፍታለሁ፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ። እከፍታለሁ፤ የኔ ቢጤ። እከፍታለሁ፤ የዕድሯ ሴትዮ። እየቆየሁ ሳልከፍት ማወቅ ጀመርኩ። ቆጣሪ አንባቢው በእስክሪብቶው ነው የሚመታው። የዕድሯ ሴትዮ በቀለበቷ ነው። ልጆች ድንጋዩን ጥለውት ይሮጣሉ። እትዬ ዘሀራ "ዘበኛችን ተሾመች" እያለች ታላግጥብኛለች፤ እኔ ግን ኮርቻለሁ። ቢሆንም በከፈትኩ ቁጥር የአባዬን አደራ እንዳፈረስኩ ይሰማኝና ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በሹክሹክታ ይቅርታ እለው ነበር።

ቀኖቹ ሄዱ። አውሮፕላን መጣ፣ አባዬ አልመጣም። ሌላ መጣ፤ አልመጣም። እማዬ መሳቋን ተወች። አባባ በሩን ማየታቸውን ግን አልተዉም።

አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጣሪያው ቋ ቋ ይላል፣ ነፋሱ የታጠበውን ልብስ ይገርፋል። እትዬ ዘሀራ ልብስ ታሰጣለች። እማዬ ሽንኩርት ትልጣለች። አባባ በርጩማው ላይ እንዳሉ አንቀላፍተዋል፤ እኔ ከጎናቸው ነኝ።

ክርር።

ቀና አልኩ። ማንም ቀና አላለም።

ክርር፣ ክርር። ከበሩ ታችኛው ጥግ።

"ይቺ ድመት ደግሞ መጣች" አለች እትዬ ዘሀራ።

ነፋስ ነው አልኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ ከፍቼ ነፋስ ቢሆንስ? ጓ! ቢል እንዴት እንደሚከፈት ተምሬያለሁ፤ ለዚህኛው ግን ጅዳ እያለን የምትከፍተው እማዬ ነበረች። እሷ ደግሞ ሽንኩርቷን ትልጣለች፤ ነፋሱ ድምፁን ወደ እሷ አላደረሰውም። ግቢው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ክር...

ጀምሮ ተወው። የጫማ ድምፅ፤ አንዱ እግር የሚጎተት። ወደ ኋላ ሊመለስ ነው!

መወርወሪያውን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም።

አንድ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ዞረ። ፂሙ ሸብቷል፤ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ዓይኖቹ ግን የአባዬ ናቸው። አላቀፈኝም። መንገዱን ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ቶሎ ገባና በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ ጎንበስ አለ። በሹክሹክታ፣

"ረዲ፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቂ ትከፍቻለሽ?" አለኝ። "ምን ብዬሽ ነበር?"

ላስረዳው ፈለግኩ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ውሃው፣ መጀመሪያ ተከፍቶ ማን ነህ ስለሚባለው። ለዚያ ሁሉ ጊዜ አልነበረም። አፌን ከፈትኩና በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ፣

"ቤቶች!" አልኩ። "ቤቶች! አባዬ መ..."

አባዬ ደንግጦ አፌን በመዳፉ ከደነው። ጣቶቹ ዝገት ዝገት ይሸታሉ፤ በሩን ሲቧጥጥ ጥፍሩ ሥር የገባ ዝገት ነው። እስካሁን ያልለቀቀኝ ሽታ ያ ነው። ከትከሻው በላይ ግቢውን አየሁት። ልብሱ ከእትዬ ዘሀራ እጅ ወደቀ። እማዬ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። አባባ ገመቹ ነቁ፤ አባዬን አዩት፣ የተዘጋውን በር አዩት። ተነስተው አጠገባችን አለፉና በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ድንጋዩን ከግንቡ ላይ አውርደው ነፋስ እንዳይመልሰው ከሥሩ አስደገፉበት።

ፀሐይና አቧራ ገባ። መንገደኛ ቆሞ አየን። ኑሪ ከሱቁ ወጥቶ አንገቱን አሰገገ። አባዬ ሁሉንም አየ፤ ማንም ሊይዘው አልመጣም።

መዳፉን ቀስ ብሎ ከአፌ ላይ አነሳ።

እኔም ካቆምኩበት ቀጠልኩ።